እጇን የምትታጠብ ዝንብ

ትናንት የዓይን ክሊኒኩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራዬን ስጠብቅ እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝና በሕልሜ ጉድ አየሁ።

ስንት ጊዜ የተመላለስኩበት የዓይን ሞራ ቀዶ ጥገና ቀኑ ደርሶልኝ ነበር። ታዲያ ዓይኔ ትንሽ ቀላ ብሎ ከተገኘ «ማዝ ይዞዎታል፣ ከርመው ይምጡ» ብለው እንደሚመልሱኝ አስቀድመው ነግረውኛል። ዙሪያዬን ደግሞ ዓይኑን ማዝ ይዞት የሚያለቅሰው ሰው መዓት ነው። ፈራሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ቁጭ ብል እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ።

በሕልሜ ሐኪሞቹ ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል፤ እኛ በሽተኞቹ ነጭ ጋዎን ለብሰን እንጠራቸዋለን። የእኔው ሐኪም ዶክተር ምንተስኖት «ጎህ ሳይቀድ ነው የመጣሁት፣ እባክዎ ጋሼ» ሲል ተለማመጠኝ።

«ካርድህ ጠፍቷል፣ ነገ ና» አልኩት። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ወዲያው ምርመራ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። አንዲት ዝንብ ጋዎኗን ለብሳ ቧንቧው ሥር ስድስቱንም እጆቿን በሳሙና ታሻለች።

«ሲስተር፣ ጸድቷል እኮ፣ ይበቃል» አልኳት።

«ምን ነካዎት ጋሼ! ከሌላ ሰው ዓይን ላይ ተነስቼ ሳልታጠብ እርስዎ ላይ ልረፍ? ከሥራ ያባርሩኛል።»

የጠብታውን ብልቃጥ ከፍ አድርጋ፣ ጫፉን ሽፋሽፍቴን ሳታስነካ ጠብ አደረገችልኝ። ይኼኔ ዶክተር ምንተስኖት ሰተት ብሎ ገባና ሊጨብጣት እጁን ዘረጋ።

«መቼ ነው የታጠብከው?» አለችው።

«ጠዋት ቁርስ ስበላ።»

ክፍሉ ውስጥ የሚሠሩት ሌሎቹ ዝንቦች ሁሉ በድንጋጤ አፋቸውን ያዙ። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ጭራ እያወረዱ «እሽ! እሽ!» እያሉ ዶክተሩን በመስኮት አባረሩት። ሲስተርም ዓይኔን አየችና «ንጹሕ ነው፣ ወደ ቀዶ ጥገና ይግቡ» አለችኝ። እልል ልል ስል ነቃሁ።

ዓይኔን ገለጥኩ፤ ዓለም ጨልሟል።

«ታወርኩ!» ብዬ ጮህኩ።

«አይዞዎት ጋሼ፣ ጥቁር መነጽር ነው» አለኝ ዘበኛው ይርዳው አጠገቤ ቆሞ። «ማዝ በመተያየት አይደል የሚጋባው? እንደተኙ በሽተኞቹ እያዩዎት እንዳያስይዙዎት ብዬ አደረግኩልዎት።»

«የማን መነጽር ነው?»

«የክሊኒኩ ነዋ! ማዝ የያዘው ሰው ሲመጣ እናደርግለታለን። አሁን ከእኚያ እናት ላይ አውልቄ ነው ያመጣሁልዎት። ደግሞ አይስጉ፣ በራሳቸው ነጠላ ጠርገውታል።»

በሩ ተከፈተና ስሜ ተጠራ። ዓይኔን ያሳከከኝም ያኔ ነው።