ዝሆን መቃን የሆነ ጊዜ

ተረት ልንገራችሁ ልጆቼ፤ «የላም በረት» በሉኝ። የዛሬው በረት ግን በሩ ብዙ ነው፤ ልብ ብላችሁ ግቡ።

ድሮ በአንድ ጫካ አያ አንበሶ ነገሠና ባለጉዳይ ሁሉ እየሮጠ እልፍኙ ይገባበት ጀመር። እንቅልፍ አጣ። «በር ይሠራልኝ» አለ። ደግ አለ፤ በር የሌለው ቤት ምን ቤት ነው? ዝሆንን መቃን አድርገው አቆሙትና በሩን እሱ ላይ አንጠለጠሉ። ጠንካራ ነዋ! እመት ጦጢትም በረኛ ሆነች። ይሄኔ ቀበሮ «እኔስ?» አለ፤ ሁለተኛ በር ተሠራለት። በቀቀን አኮረፈ፤ ሦስተኛ ተጨመረ። ሁሉም ዝሆን ላይ! ሕግም ወጣ፦ ባለጉዳይ ደጅ ይቁም፣ ቃሉ ብቻ በሦስቱ በር ይግባ፤ መልሱም በዚያው ይውጣ።

አንድ ቀን ዝናብ እየወረደ ሚዳቋ እየጮኸች መጣች።

«ልጄ ጉድጓድ ገባችብኝ! ውሃው አንገቷ ደርሷል! ዝሆን በኩምቢው ያውጣልኝ!»

«ኧረ ቀስ! ንጉሥ ፊት እንባ አይገባም» ብላ ጦጢት ለቅሶውን አስቀረች። ቀበሮ «ረዘመ» ብሎ የዝሆንን ነገር ከቃሉ ቆርጦ ጣለ። ለበቀቀን የደረሰው «ልጇ ጉድጓድ ገባች፣ ውሃ ሞልቷል» የሚል ነበር። በቀቀን ደግሞ፣ ታውቁት የለ፣ ማሳመር ይወዳል።

«ንጉሥ ሆይ፣ የሚዳቋ ልጅ ውሃ የሞላ ጉድጓድ አገኘች!»

«እሰይ፣ ጎበዝ ልጅ!» አለ አንበሳ። «ሰጥቻታለሁ፣ ትኑርበት!»

ይህም ሲያምር፣ ሲያጥር፣ ሲታጠብ ወጣና እናት ጆሮ ሲደርስ አንዲት ቃል ቀረች፦ «ትኑርበት።»

«የት? ውሃ ውስጥ?»

«እኔ አቀባይ ነኝ፣ እታለም» አለች ጦጢት። «ቅር ካለሽ እንደገና በሦስቱ በር ነው።»

ሚዳቋ መቃኑን ተደገፈች። መቃኑ ተነፈሰ።

«አያ ዝሆኔ! አንተ ነህ? እየሰማህ?»

«ከመጀመሪያው ሰምቻለሁ፣ እህቴ። መቃን አይመልስም ብለውኝ ነው።»

«ልጄ እየሞተችብኝ ነው!»

ዝሆን አንድ እግሩን አነሣ። ሦስቱም በር ግው ብሎ ወደቀ። እሱ ግን ዘወር ብሎም አላየ፤ ሄደና ኩምቢውን ጉድጓዱ ውስጥ ሰዶ ግልገሏን እየተንቀጠቀጠች አወጣት።

በማግስቱ ሸንጎ ተቀመጠ። ስለ ግልገሏ ነው ብላችሁ ነው? ስለ በሩ ነው እንጂ! ዝሆን ተመልሶ እንዲቆም፣ መቃኑን የሚጠብቅ አራተኛ በርም እንዲጨመር ተፈረደ።

«አንቺም» አሏት ሚዳቋን፣ «ልጅሽ የተረፈችው መንግሥት ቢኖር ነው፤ በሮቹን አመስግኚ።»

ልጇን እየላሰች ቀና አለች።

«አመሰግናለሁ» አለች፣ «ስለወደቁልኝ።»