እግረ እርጥቡ ሰውዬ

መርካቶ ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው አይወድም። ከተሸከምክ መንገድ ይለቀቅልሃል፤ ከገዛህ እጅጌህን ይጎትቱሃል። ሳትሸከም፣ ሳትገዛ፣ ሳትሸጥ ዝም ብለህ ካለፍክ ግን ወይ ሌባ ነህ፣ ወይ ሌባ የነካህ ነህ። ለጤናው የሚሄድ ሰው እዚህ ተራ የለውም።

ከፋብሪካ ጥበቃ በጡረታ ስሰናበት፣ ቁጭ ብሎ ሞትን ከመጠበቅ ብዬ ጠዋት ጠዋት መሮጥ ጀመርኩ። የሽማግሌ ሩጫ መጨረሻው ይታወቃል። መጀመሪያ ቁርጭምጭሚቴ ዞረ፤ ቀጥሎ ጉልበቴ አበጠ። ሐኪሙ ዳብሶ ዳብሶ፣ «አባቴ፣ ሩጫው ይብቃዎት። ረጅም መንገድ በእርጋታ ይሂዱ። እሱንም ካቆሙ አልጋ ላይ ይቀራሉ» አለኝ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ አልጋ ላይ ብቀር ውሃ የሚያቀብለኝ የለም። ስለዚህ መሄድ ነው።

ከሲኒማ ራስ ተነስቼ፣ ሸማ ተራን አቋርጬ፣ ጭድ ተራን አልፌ እሄዳለሁ፤ ሱቆች ሲከፈቱ።

አንድ ቀን ጋቢና ነጠላ የምትሸጠው ዘሀራ መዝጊያዋን ስትከፍት ደረስኩ። «እንደምን አደርሽ» ብያት አለፍኩ። ያን ዕለት ሰርገኞች መጥተው ሱቋን ጠራርገው ገዙ። በማግስቱ መንገድ ዘጋችብኝ።

«ጋሼ ወልዴ እግረ እርጥብ ናቸው! የረገጡት ገበያ ይቀናል። በሞቴ፣ አንዴ ገባ ብለው ይውጡልኝ!»

ጎረቤቷ ሙደሲር ሰማ። «እኛስ? የእንጀራ ልጆች ነን እንዴ?»

ከዚያ ወዲህ በየሱቁ መግባት፣ በየሱቁ መውጣት ሆነ። ሻይ ይቀርብልኛል፤ ዳቦ ይቆረስልኛል። የሐኪሙ መንገድ ቢጓተትም፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ስሜን የሚጠራ ሰው የማገኘው እዚያ ብቻ ነበር።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። እኔ የበላሁት ዳቦ ብቻ ነው፤ መሻሩ ግን አልቀረልኝም። የሰርጉና የበዓሉ ሰሞን አለፈ። ኑሮው ከበደ። ገዢው ጨርቁን ዳብሶ፣ ዋጋ ጠይቆ፣ «እመለሳለሁ» ብሎ መሄድ ጀመረ። ገበያን ያመጣ እግር ገበያ ሲጠፋም ተጠያቂ ነው። ሙደሲር ገና ከሩቅ ሲያየኝ ፊቱን ወደ መደርደሪያው ማዞር አመጣ። ሌላው፣ «ደሞ መጡ፣ እግረ ደረቁ!» አለ። ድምፁን እንኳ ዝቅ አላደረገም።

ዘሀራ ግን ሰላምታዬን አልነፈገችኝም። አንድ ጠዋት ታዲያ ተከትላኝ ወጣች። የሻሿን ጫፍ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች።

«ጋሼ፣ እንዳይቀየሙኝ።»

«አልቀየምም።»

«እኔ እንኳ አላምንበትም፤ አላህ ያውቃል። ግን ሳምንቱን ሙሉ ሰው አልገባልኝም። ልጆቼ ደግሞ ... ነገ በወዲያኛው ጎዳና ቢያደርጉትስ?»

ብትሰድበኝ በቀለለኝ።

«እሺ» አልኳት። ወዲያኛው ጎዳና ዳገት ነው፤ የሚያውቀኝም የለም። ይህን አልነገርኳትም።

ጥግ ላይ ሳልደርስ ከኋላዬ ሳቅ ሰማሁ። ዞር ብል አንዲት እናት ሦስት ሴት ልጆቿን አስከትላ ዘሀራ ሱቅ ትገባለች። ዘሀራ ከመደርደሪያው ጋቢ እያወረደች በትከሻቸው ላይ አሻግራ አየችኝ። እጇን ልታነሳ ቃጣትና ተወችው።

ደስ አለኝ። እኔም በዚህ ነገር አላምንም። ቢሆንም ሳይገዙ እንዳይወጡባት ብዬ፣ ጉልበቴ እየጮኸ፣ ቶሎ ከዓይኗ ተሰወርኩ።