ያልጨሰ ጭስ ሻጮች

አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ የምጽፈው ሁሉ አንድም ሳይዛነፍ የሆነው ነው ብዬ አልምልም። ዕድሜዬ ገፍቷል። እንግዳው የመጣው ማክሰኞ ይሁን ረቡዕ፣ ሞተሩን የተሸከሙት ስምንት ይሁኑ አሥር፣ አሁን ብትጠይቁኝ እጠራጠራለሁ። አንዱ የተናገረውን በሌላው አፍ አድርጌው ከሆነም ይቅር በሉኝ። የማልጠራጠረው እስክሪብቶዬ ኪሴ ውስጥ እንደነበረ ነው።

በዕድሜዬ ብዙ ዓይነት ንግድ አይቻለሁ። በርበሬ ውስጥ የሸክላ ገል ፈጭቶ የሚጨምር አይቻለሁ። የማትታለብ ላም በማለዳ ጨው አልሶ ውኃ አጠጥቶ፣ ሆዷ ሲነፋ “እርጉዝ ናት” ብሎ አጅባር ገበያ የሸጠ ዘመድ አለኝ፤ ነፍሱን ይማረውና እስከ ዕለተ ሞቱ ሲስቅ ነበር። ሆኖም በእነዚህ ሁሉ ንግዶች ገዢው የሚዳስሰው ነገር ነበረ። ሌባም ቢሆን ሻጩ ላም ይዞ ነው የወጣው። የሌለ ነገር፣ ያውም አለመኖሩ ተለክቶ፣ ሲሸጥ ያየሁት በቅርቡ ነው። የሸጡት ጭስ ነው። የጨሰ ጭስ አይደለም፤ ያልጨሰ ጭስ።

አትሳቁ፤ እኔም የገባኝ በሦስተኛው ስብሰባ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ባሕር ማዶ ትልልቅ ፋብሪካ ያላቸው ሰዎች አሉ፤ ጭሳቸው ሰማዩን አበላሽቶታል። ማቆም ግን አይፈልጉም። ስለዚህ ሌላ ቦታ አንድ ደሃ እንዳያጨስ ይደረጋል። ደሃው ሳያጨስ የቀረው ጭስ ይለካል፣ በወረቀት ይሰፍራል፣ ለነዚያ ባለፋብሪካዎች ይሸጣል። እነሱም ወረቀቱን ግድግዳቸው ላይ ሰቅለው የራሳቸውን ማጨስ ይቀጥላሉ። በመካከል አሻሻጭ ድርጅት አለ፤ ደላላ ማለት ነው፤ ደላላ ሲባል ግን ይቆጣል። በስብሰባው ላይ አንዱ ገበሬ ተነሥቶ “የኛስ ድርሻ?” ቢል “ንጹሕ አየር” ተባለ። ገበሬው አመስግኖ ተቀመጠ። ምን ይበል? ከነሱ በፊትም የነበረን እሱ ብቻ ነበር።

ሰማዩ መበላሸቱን እኛ አጥተነው አይደለም። የበልግ ዝናብ አንድ ዓመት መጥቶ ሁለት ዓመት ይቀራል፤ ገብሳችንን ያለወሩ ውርጭ ይመታዋል፤ በልጅነቴ የማውቀው ምንጭ ዛሬ ድንጋዩ ብቻ ቀርቷል። ይህን ለማወቅ ስብሰባ አላስፈለገንም። ያልጠረጠርነው ነገር ቢኖር የሰማዩ መበላሸት ጥፋት በኛ ቀበሌ ውስጥ ባለች በአንዲት የዘምዘም ወፍጮ ላይ መደፋቱን ነው።

ዘምዘምን ላስተዋውቃችሁ። የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ አሥራ አንድ ዓመት አረብ አገር የሰው ወለል አጥባ ተመለሰች። እሷ ባመጣችው ገንዘብ ሌሎች ከተማ ቤት ይሠሩበት ነበር። እሷ ግን ከመካነ ሰላም የሁለት ሰዓት እግር መንገድ ላይ ባለችው ቀበሌያችን በናፍጣ የሚሠራ ወፍጮ ተከለች። “ዳግመኛ የሰው ወለል ላይ አልንበረከክም፤ ወላሂ” ትል ነበር። ወፍጮው ይጮኻል፣ ያጨሳል፣ አንዳንዴም ይታመማል፤ ግን ይፈጫል። ሴቶቻችን እህል ተሸክመው ሁለት ሰዓት መውረድ፣ ዱቄት ተሸክመው ከሁለት ሰዓት በላይ መውጣት ቀረላቸው።

ያ ጭስ አሻሻጭ ድርጅት መጥቶ የፀሐይ ወፍጮ ተከለልን። ሰሌዳዎቹ ያብረቀርቃሉ፣ ድምፅ የለውም፣ በጥርና በየካቲት እኩለ ቀን ላይ ጥሩ አድርጎ ይፈጫል፤ አልዋሽም፣ እኔም አስፈጭቼበታለሁ። አዲሱ ወፍጮ ሲተከል ግን አሮጌው መዘጋት ነበረበት። የዘምዘም ሞተር ካጨሰ ያልጨሰ ጭስ ከየት ይመጣል? ስለዚህ የድርጅቱ አስተባባሪ፣ አንድ ቀልጣፋ ጎልማሳ፣ ሞተሩን በሽቦ ጠፍሮ የእርሳስ ማኅተም መታበት። በየወሩ ተቆጣጣሪ እየመጣ ማኅተሙን ፎቶ ያነሣል። ፎቶው ባሕር ማዶ ይሄዳል። ዘምዘምም ከታሸገ ሞተሯ አጠገብ ተቀምጣ ለአላፊ አግዳሚው “ወደኔ አትዩ፣ ሀዘን ላይ ነኝ” ትላለች።

እንግዲህ ክረምት የሚባል ነገር አለ። ድርጅቱ ሰምቶ አያውቅም መሰለኝ። በኛ ደጋ ከሰኔ ጀምሮ ጉም ከማለዳ ይወርድና እስከ ማታ ይውላል ማለት ይቀላል፤ አጠገባችሁ ያለውን በሬ በድምፁ ነው የምትለዩት። የፀሐይ ወፍጮው ቆመ። ሴቶቻችን እህላቸውን ተሸክመው ቁልቁል ወደ ከተማ መውረድ ጀመሩ። የቅሬያችን፣ ማለትም የቀብርና የለቅሶ ማኅበራችን፣ ጸሐፊ እኔ ነኝ፤ አራተኛ ክፍል የደረስኩ ስለሆንኩ። በዚያ ሰሞን አንድ ሰው ሞቶብን ለለቅሶው ቤት የሚወጣው ዱቄት ጠፍቶ ለቀስተኛውን ቆሎ አብልተን ሸኘን። እንደዚያ ያለ ውርደት አይቼ አላውቅም።

ታዲያ ወፍጮው በይፋ የሚመረቀው መቼ ሆነ? በሰኔ መጨረሻ። ለምን በጥር አልሆነም ብትሉ፣ በጀት የሚዘጋው በሰኔ ነዋ! ሰማዩ ይደመን አይደመን በጀቱን አይመለከተውም። ትልቅ እንግዳ ከሩቅ ሊመጣ ነው፤ የጭሱ ገዢዎችም ወኪል ልከዋል፤ ጉሙ ደግሞ ከመሬት አልነሣም ብሏል። አስተባባሪው ላብ አጠመቀው። በመጨረሻ ሸህ እንድሪስንና እኔን ጠርቶ፣ “የአገር ሽማግሌ ናችሁ፤ የዘምዘምን ሞተር ለአንድ ቀን ለምኑልኝ። ከቤቱ ጀርባ ሆኖ በቺንጋ፣ በላስቲክ ቀበቶው፣ የፀሐይ ወፍጮውን ያዞርልኝ” አለን።

ሸህ እንድሪስ “ከወፍጮው ይልቅ ፀሐይቱን ራሷን ብንለምንልህ ይሻል ነበር…” ብለው ተዉት። የሆነ ሆኖ ሄድን፤ ለእንግዳ ክብር ብለን። አስተባባሪውም ተከተለን።

በኛ አገር ሽማግሌ ለልመና ከሄደ አይቀመጥም። ባለቤቱ እሺ እስኪል በር ላይ ይቆማል።

“ኧረ ግቡ አያ ይመር! ምነው በዚህ ብርድ ደጅ ቆማችሁ?” አለች ዘምዘም።

“የመጣንበትን እሺ ሳትዪ አንቀመጥም” አሉ ሸሁ።

“የምትድሩት ልጅ የለኝም። ለኔ ባል አምጥታችሁ እንደሆነ ግን” ብላ ከኋላችን የቆመውን አስተባባሪ ከእግር እስከ ራሱ አየችው፣ “ይኼንን ከሆነ መልሱት።”

“ሞተሩን ነው፤ ለአንድ ቀን” አልኳት።

“የቱን ሞተር? ሟቹን?” ሳቋ ቤቱን ሞላው። ነገሩን ስንነግራት ግን ሳቋ ጠፋ። “እሺ እላለሁ፣ ግን ከዚህ በኋላ ጉም ባለበት ቀን እፈጫለሁ። ፀሐይ ስትወጣ ይታሸግ፤ ፀሐይ ስትጠፋ የኔ ይሁን። ሴቱ በጭቃ እየወደቀ አለቀኮ!”

“አብሽሪ፣ እታለም!” አለ አስተባባሪው። “ፀሐይ በሌለበት ቀን ሁሉ ትፈጫለሽ። በነዚህ አባቶች ፊት ቃሌ ነው።”

“ይጻፍልኝ። አረብ አገር ስኖር ያለወረቀት ስንቱን ተካድኩ። አያ ይመር፣ አንቱ ጸሐፊ አይደሉ? ይጻፉልኝና ይፈርም።”

እጄን ወደ ኪሴ ሰደድኩ። እስክሪብቶው ነበረ፤ ደብተርም ነበረኝ። እኔ ገመድ ሳውስ እንኳ ቀኑን የምጽፍ፣ በሬን ቆልፌ ሦስት ጊዜ ተመልሼ የማይ ሰው ነኝ። ነገር ግን ሸህ እንድሪስ በብርዱ ቆመዋል፤ እሳቸው ቆመው የሰሙት ቃል በኛ አገር ደም ያስታርቃል። ያን ቃል በወረቀት ማሰር “ሸሁ አይበቁም” ማለት ሆኖ ተሰማኝ። እጄን ባዶውን መለስኩት።

“ዘምዘሜ፣ ሸሁ እያሉ ወረቀት ነውር ነው” አልኳት።

ከዚያ ወንበር አወጣች። “እሺ፤ ተቀመጡ በቃ” አለች።

አስተባባሪው ያኔውኑ ሴንጢውን አውጥቶ ሽቦውን በገዛ እጁ ቆረጠው። ሞተሩን ስምንት ወይም አሥር ጎረምሶች በአጣና ላይ አድርገው፣ እንደ ሬሳ ትከሻ እየተቀያየሩ፣ ከፀሐይ ወፍጮው ጀርባ አደረሱት።

የምረቃውን ቀን ማየት ነበረባችሁ። ጉሙ ከመውረዱ የተነሣ እንግዳው ሪባኑን በመዳበስ ነው ያገኘው ብል ብዙ አላጋነንኩም። ሪባኑ ሲቆረጥ ወፍጮው ተነሣ፤ ዱቄቱም ወረደ። እልል ተባለ። ከቤቱ ጀርባ ግን ዱግ ዱግ ዱግ ይላል።

“ይህ ድምፅ የምንድነው?” አለ እንግዳው።

“የድምፅ ማጉያው ጄኔሬተር ነው፣ ጌታዬ” አለ አስተባባሪው ሳያመነታ።

“ጭሱስ?”

“ምሳ እየተሠራልዎት ነው።”

እንግዳው አዝኖ ራሱን ነቀነቀ። በንግግሩም “ይህ ሕዝብ በፀሐይ እየፈጨ በእንጨት ማብሰሉ ያሳዝናል፤ ቀጣዩ ሥራችን ምድጃው ነው” አለ። አጨበጨብን። የጭሱ ገዢዎች ወኪል ዱቄቱን በጣቱ ነክቶ ፎቶ ተነሣ። የዘምዘም ሞተር የፈጨውን ዱቄት፤ ዘምዘም እዚያው ቆማ እያየች። አንዴም አልሳቀችም።

ሞተሩ ተመለሰላት። ሁለት ሳምንት ያህል፣ ጉም ባለ ቀን ሁሉ፣ ፈጨች። ቀበሌው ሁሉ መረቃት፤ ሸህ እንድሪስ በምስጋና ብዛት ሲራመዱ እንኳ ደረታቸው ወጣ። እኔም “ይኸው፣ ቃል ሠራ” ብዬ ለራሴ ተናገርኩ።

ከዚያ ተቆጣጣሪው ፎቶ ሊያነሣ መጣ። ማኅተም የለም። ሪፖርት አደረገ፤ በሦስተኛው ቀን አስተባባሪው ሁለት የመንግሥት ሰዎች አስከትሎ መጣ።

“ማኅተም መስበር ያስጠይቃል” አለ። “ይህን የሰበረው ማነው?”

የሚቀልድ መሰለን።

“አንተ አይደለህም እንዴ፣ ልጄ?” አሉ ሸህ እንድሪስ። “እኔና ይመር ቆመን?”

“አባቴ፣ ዕድሜ ነው” አላቸው፤ ድምፁ ደግሞ ለስላሳ ነበር። “ተሳስቶብዎት ይሆናል። እንዲህ የሚል ጽሑፍ አለ?”

ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። “የለም” አልኩ። ሸሁ ምርኩዛቸውን አነሥተው ሄዱ። ከዚያ ቀን በኋላ ለሽምግልና ሲጠሩ “ጉልበቴን ያመኛል” ይላሉ።

ሞተሩ በመኪና ተጭኖ ሄደ። መኪናው ከጭቃው ለመውጣት ሲታገል ያወጣው ጥቁር ጭስ ዘምዘም በዓመት የምታወጣውን ያህላል፤ እሱን ግን የሚለካ አልመጣም። አመሻሽ ላይ ልጽናናት ሄድኩና፣ “ጥፋቱ የኔ ነው ዘምዘሜ፤ መጻፍ ነበረብኝ” አልኳት።

“አንቱ ምን ያርጉ፣ አያ ይመር” አለችኝ። ብትሰድበኝ በወደድኩ።

የወፍጮዋን ድንጋይና ቺንጋውን ኩታበር ላለ ሰው ሸጠች። ከዚያ በደሴ አድርጋ ሄደች፤ ወዴት እንደሆነ ሁላችንም አወቅን፣ አንዳችንም አልጠየቅንም። ቀበሌያችንም ምስክር ወረቀት መጣለት፤ አረንጓዴ ቀለም ያለው። ያልጨሰው ጭሳችን፣ የዘምዘምም ጭምር፣ በደንብ ተሽጧል ይባላል።

በጥር እህቷን ሰዓዳን ከመካነ ሰላም ገበያ ስትመለስ መንገድ ላይ አገኘኋት። ዘምዘም ደውላ ነበር አለችኝ። ደህና ናት፤ ሥራ አግኝታለች፤ ትልቅ ቤት ነው፤ ወለሉ በጠዋትና በማታ ይታጠባል፤ ጉልበቷን ጀምሯታል።

“አሠሪዋ ምን ዓይነት ሰው ነው?” አልኩ።

“አልሐምዱሊላህ፣ ክፉ አይደለም አለች። ሀብታም ነው።”

“ምን ነግዶ?”

“ናፍጣ” አለችኝ ሰዓዳ።

ዕለቱ ሐሙስ ነበር፤ ይህችን ጽፌያታለሁ። ከዚያ ወዲህ የሰማሁት ነገር የለም።