ገጽ አርባ አንድ በሦስት ከተሞች

በ2004 ዓ.ም. ሰኔ ወር፣ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ባሉት ሦስት ቀናት፣ በምዕራብ ሸዋ የንባብ ባህል ከሥር መሠረቱ ተለወጠ። የተጠራጠረ ሰው ካለ ስለዚሁ የተጻፈውን ሪፖርት አውጥቶ ማየት ይችላል። ሪፖርቱ ከሦስቱ ከተሞች ጉዞ አንድ ሳምንት ቀድሞ ተጽፎ ያለቀ ስለሆነ በውስጡ ምንም ስህተት የለም።

ለዚህ ታላቅ ክንውን ምክንያት የሆነው ሚልኪያስ ወሰኑ የሚባል፣ አምቦ ውስጥ ስሙን በማንጠራው አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ የሚያገለግል ሰው ነው። ሚልኪያስ ከፋይል መደርደሪያ መሀል ተቀምጦ ስምንት ዓመት ሙሉ አንዲት ልብ ወለድ ሲጽፍ ኖረ። በመጨረሻም ታተመችለት። «የኋላ ወንበር» ትባላለች፤ መቶ አሥራ ሁለት ገጽ፣ ሽፋኗ ስስ፣ ኮት ኪስ ውስጥ የምትገባ። ታሪኩ ለንሳ ስለምትባል፣ ልብሷን ጠቅልላ ከባሏ ቤት በአውቶቡስ ስለምትሸሽ ልጅ ነው። ገጽ አርባ አንድ ላይ አውቶቡሱ የአባቷ ቤት ካለበት መገንጠያ ይደርስና ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ሚልኪያስ ይህችን ገጽ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ጽፏታል። የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ገጿን በሰው ፊት አንብቦ፣ አንድ ሰው እንኳ «ከዚያስ?» ሲለው መስማት። ለሚስቱ ሲያነብላት ያለችው «ሳይበርድ ብላ» ነው።

ምኞቱ ትንሽ ስለነበረች መሥሪያ ቤቱ አሳደገለት። የንባብ ባህል ማስረጽ ንዑስ የሥራ ሂደት ባለቤት የሆኑት ኦቦ ሞቱማ ቢሯቸው ጠርተው እጁን ጨበጡት።

«እቅዳችን ላይ ‹መጽሐፍ ይተዋወቃል፣ ብዛት አንድ› የሚል አለ» አሉት። «በጀት ዓመቱ ሊያልቅ ነው፤ አንተን እግዜር ነው የላከልን። ጊንጪ፣ አምቦና ጎጆ እየዞርክ ታነባለህ።»

«በጣም አመሰግናለሁ። መጽሐፉን አነበቡት ኦቦ ሞቱማ?»

«እኔ እኮ አመራር ነኝ» አሉ ሳይቆጡ። «ወደ ዝርዝር ከገባሁ አቅጣጫ ማን ይሰጣል?»

መልሱ ጥልቅ ስለነበር ሚልኪያስ እጅ ነሥቶ ወጣ።

ሰኞ ጊንጪ ላይ አዳራሹ ሞላ። ባነሩ ከግድግዳው ስለረዘመ ጫፉ መታጠፍ ነበረበት፤ የደራሲው ስም ያለው እዚያ ጫፍ ላይ ስለነበር አብሮ ታጠፈ። ኦቦ ሞቱማ «ጥቂት ቃል» ብለው ተነሡ፤ የሰው ልጅ ድንጋይ ላይ መጻፍ ከጀመረበት ዘመን ተነስተው ከአንድ ሰዓት ከሩብ ንግግር በኋላ ወረቀት እስከተፈለሰፈበት ደረሱ። ከእሳቸው ቀጥሎ የሴቶች ተወካይ፣ የወጣቶች ተወካይና የባለድርሻ አካላት ተወካይ ተናገሩ። ባለድርሻ አካላቱ እነማን እንደሆኑ የጠየቀ የለም። ከዚያ የሻይ እረፍት ሆነ። ሚልኪያስ ጣቱን ገጽ አርባ አንድ ላይ እንዳደረገ ሲመለስ፣ አዳራሹ ውስጥ የቀሩት ባነሩን የሚጠቀልለው ዘበኛና እንቅልፍ የወሰደው አንድ ሽማግሌ ነበሩ።

«ሞቅ ያለ ተሳትፎ ነበር» አሉ ኦቦ ሞቱማ።

«ግን እኮ አላነበብኩም።»

«መጽሐፉ ተዋውቋል አይደል? ንባብ ከማስተዋወቅ በኋላ የሚመጣ ራሱን የቻለ ተግባር ነው። በሚቀጥለው ሩብ ዓመት እናየዋለን።»

ማክሰኞ አምቦ ላይ ከጊንጪው ተሞክሮ ተወሰደና ንግግር አጥሮ ውይይት እንዲሰፋ ተደረገ። የአምቦ ተሰብሳቢ ስብሰባ የለመደ ነው፤ ፊቱ የቀረበለትን ነገር ሳይገመግም ወደ ቤቱ አይሄድም። መጽሐፉን ያነበበ ባይኖርም ጀርባው ላይ ስለ ለንሳ ሦስት መስመር ተጽፎ ስለነበር ያ በቂ ሆነ።

«ግለሰቧ ከባሏ ቤት ስትለቅ ክሊራንስ ወስዳለች?» አሉ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ሰውዬ። «ንብረትስ ለማን አስረከበች?»

ኤቢሴ የምትባል የአንድ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ደግሞ እጇን አወጣች። «ችግሩ አለመደራጀቷ ነው። ከመሰሎቿ ጋር ተደራጅታ ዶሮ እርባታ ብትገባ ኖሮ አውቶቡስ ባላስፈለጋት።»

ተጨበጨበ። ሚልኪያስ ተነሳ። «ምናልባት አንድ ገጽ ባነብላችሁ...»

«ደራሲው መከላከሉን ይተው» አሉ ኦቦ ሞቱማ ከመድረኩ። «ሂሱን ትቀበላለህ አትቀበልም?»

«እቀበላለሁ» አለ፤ ምን እንደተቀበለ ግን አላወቀም።

ባለ ሰባት ነጥብ የአቋም መግለጫ ተነበበ። በመጨረሻም ልብ ወለዱ በእጅ ማውጣት ለድምፅ ቀርቦ በሁለት ድምፀ ተአቅቦ በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ። ከሁለቱ አንዱ ደራሲው ነበር። ሚልኪያስ ያን ቀን ከልቡ አዘነ፤ ስምንት ዓመቱን ሜዳ ላይ የበተነው መሰለው፤ ሚስቱ ያቀረበችለትንም እራት ሳይነካ ተኛ።

ረቡዕ ኦቦ ሞቱማ ጠዋት ሌላ ስብሰባ ስለነበራቸው ሚልኪያስን መጽሐፉን አስይዘው በሕዝብ ማመላለሻ ወደ ጎጆ አስቀደሙት። ጎጆ ብርዱ አጥንት ይገባል። አዳራሹ ቡልኮ በደረቡ ገበሬዎች ጢም ብሏል፤ ቀበሌው «አስቸኳይ ስብሰባ» ብሎ ነበር የጠራቸው። ነጋ ጠባ በስብሰባ የሚጠራ ሰው ለምን እንደተጠራ መጠየቅ ትቶ የለ። ስም የሚጠራው ስብሰባው ሲያልቅ ስለሆነ ደግሞ የሚወጣ አልነበረም። ድንች አብቃይ የሆኑት እናት፣ አዴ ወርቅቱ፣ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል።

«ስለ ማዳበሪያው ነው?» አሉት በኦሮምኛ።

«አይደለም፤ ስለ አንዲት ልጅ ነው።»

«የማን ልጅ?»

 የኦቦ ሞቱማ መኪና መንገድ ላይ ጭቃ እንደያዘው ተሰምቷል፤ ቶሎ አይደርሱም። ሚልኪያስ መጽሐፉን ከፈተና ገጽ አርባ አንድን ማንበብ ጀመረ። አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ያነባል፣ ቀና ብሎ በኦሮምኛ ይነግራቸዋል፤ ትንሽ ቆይቶ ማንበቡን ትቶ ዝም ብሎ ይነግራቸው ጀመር። የሚያስል ሰው እንኳ ጠፋ። አውቶቡሱ መገንጠያው ጋ ቆመ። ረዳቱ «ወራጅ አለ?» አለ። ሚልኪያስ ትንፋሽ ሊወስድ ቀና አለ።

«ሰና ቦዳ?» አሉ አዴ ወርቅቱ። ከዚያስ ማለታቸው ነው።

ሚልኪያስ ስምንት ዓመት የጠበቃት ቃል ይህች ነበረች። ገጹን ሊገልጥ ሲል ውጭ የመኪና ጥሩምባ ጮኸና ኦቦ ሞቱማ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው ገቡ።

«ተጀምሯል እንዴ? በንግግር ሳይከፈት?» አሉ። ከዚያ ጆሮው ሥር ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዛሬ ጠዋት ተወስኗል። ከመዝገብ ቤት ተነስተህ የንባብ ንቅናቄው አስተባባሪ ሆነሃል። ለሚቀጥለው ዓመት አሥራ ሁለት ከተማ ተይዟል፤ በንግግር የምትከፍተው አንተ ነህ። እንዲያውም ከአሁኑ ተለማመድ። ለመሆኑ ጀምራችኋል?»

ሚልኪያስ አዴ ወርቅቱን አየ፤ ገጹን አየ። መዝገብ ቤቱ፣ አቧራውና የጠበበችው ወንበር ትዝ አሉት።

«ኧረ አልተጀመረም» አለ። «ሰዉን እያሟሟቅኩ ነበር።»

መጽሐፉን ዘጋና «ጥቂት ቃል» ብሎ ቀጠለ። ከሃምሳ ደቂቃ በኋላም የሰው ልጅ ገና ድንጋይ ላይ እየጻፈ ነበር። ኦቦ ሞቱማ ሦስት ጊዜ አጨበጨቡ፤ ሌላውም እያየ አጨበጨበ። ከዚያ ስም ተጠርቶ ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ።

አዴ ወርቅቱ ብቻ ከአንዲት ጎረቤታቸው ጋር በር ላይ ጠበቁት። እጅጌውን ያዝ አድርገው፣ «ኢልማ ኮ» አሉት፣ ልጄ እንደማለት፤ «ያቺ ልጅ ወረደች ወይስ ቀጠለች? አባቷ ክፉ ሰው ከሆነ አትውረድ በላት።»

ሚልኪያስ አፉን ከፈተ። የመኪናው ሞተር ተነስቷል፤ ኦቦ ሞቱማ የፊተኛውን በር ከፍተውለት ሰዓታቸውን ያያሉ። እሱም የራሱን ሰዓት አየ።

«ጥያቄዎ ተገቢ ነው አዴ ወርቅቱ» አላቸው። «በጽሑፍ ያድርጉትና በቀበሌዎ በኩል ይላኩልን።»

አዴ ወርቅቱ ፊቱን ትንሽ አዩትና እጅጌውን ለቀቁት።

«ነይ እንሂድ» አሉ ወደ ጎረቤታቸው ዞረው። «ለካ ስብሰባ ነው።»