ለደም ምርመራ የሚያጠኑት አናጢ

በየሰፈሩ ለደም ምርመራ የሚያጠና አንድ ሰው አይጠፋም። ዓመቱን ሙሉ ቅቤና ጮማ ሲያሳድድ ይከርምና ምርመራው አንድ ሳምንት ሲቀረው ድንገት መናኝ ይሆናል። ከነዚህ ሁሉ የባሱትን ያገባችው ግን ልብስ ሰፊዋ ናት፤ ክቡር አናጢው ባለቤቷ ናቸው።

ክቡርነታቸው ኮሌስትሮልዎ ከፍ ብሏል ከተባሉ ሦስት ዓመት ሆናቸው። ሐኪሙ ቅባት እንዲቀንሱና በየቀኑ አንድ ኪኒን እንዲውጡ አዘዛቸው። እሳቸው በማግስቱ፣ ልብስ ሰፊዋ ዓይኗ እያየ፣ የኪኒኑን ብልቃጥ ቆሻሻ ውስጥ ወረወሩትና «መድኃኒት ለበሽተኛ ነው» አሉ። ከዚያ ወዲህ ስለ ቅባት ለሚመክራቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ማጠፊያ ቅባት ካላገኘ ሲጢጥ ይላል።» በር ሲገጥሙ ይሉታል፤ እሷ ከሥጋው ላይ ቆርጣ ያስቀመጠችውን ጮማ መልሰው ሲያነሱም ይሉታል። እሷ መቁረጥ አልተወችም፣ እሳቸውም ማንሳት።

የምርመራው ሳምንት ሲደርስ ግን ሌላ ሰው ናቸው። ዘይት ያልነካው ጎመን ይቀቀልላቸዋል። ወደ እንጨት ሥራ ቤታቸው በእግራቸው ይሄዳሉ፤ መንገድ ላይ ላገኙት ሁሉ ፈተና ላይ ነኝ ይላሉ። እንቁላል የሚጠበስበት ቤት አጠገብ ሲደርሱ ፊታቸውን አዙረው ያልፋሉ። ደግሞ የሚገርመው፣ ምርመራውንም ሁሌ ያልፋሉ! የውጤቱን ወረቀት ሥራ ቤታቸው ግድግዳ ላይ በሚስማር ይመቱትና በዚያው ቀን ምሳ ቅቤ የጠገበ እንቁላል ያዛሉ። የአንድ ሳምንት ጎመን የሚያሸንፈውን በሽታ ነው ወይ የምታስፈራሩኝ እያሉ ይፎክራሉ።

ልብስ ሰፊዋ ደክሟታል። መለመንም መቆጣትም ደክሟታል። አባቷ ልባቸውን ታመው ሲተኙ ራስጌያቸው በብልቃጥ ተሞልቶ ነበር፤ ከዚያ አልጋ ሳይነሱ ቀሩ። ለዚህ ነው ክቡርነታቸው የመጀመሪያውን ብልቃጥ ራስጌያቸው ያስቀመጡ ቀን ሆድ ብሷት ያለቀሰችው። ብልቃጡ ከተጣለ በኋላ ደግሞ ፍርሃቷ ባሰባት፤ አንድ ቀን መጋዝ እንደያዙ ወደቁ ብለው ይጠሩኛል ትላለች። ካልሰማ ምን ላድርገው እያለች የስፌት መኪናዋን ትረግጣለች።

ባለፈው ሳምንት ጉንፋን ክቡርነታቸውን አልጋ ላይ ጣላቸው። ልብስ ሰፊዋ የሳል ሽሮፕ ልትገዛ ፋርማሲ ሄደች። ፋርማሲስቷ ገና ስታያት ጠየቀቻት።

«እትዬ፣ ባለቤትዎ ደህና ናቸው? የኮሌስትሮሉን ኪኒን ሊወስዱ ከትናንት በስቲያ መምጣት ነበረባቸው። በሦስት ዓመት አንድ ቀን አሳልፈው አያውቁም፤ ሰጋሁ።»

ልብስ ሰፊዋ ኪኒኑንም ስጪኝ አለቻት። ያን ሁሉ ፈተና ሲያሳልፋቸው የኖረው ጎመኑ እንዳልነበር ገባት። ሽሮፑንም ኪኒኑንም ይዛ ወጣች፤ ቤት ከመግባቷ በፊት ሥራ ቤቱን ከፍታ የሚስማር ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ አየች። በአንደኛው ውስጥ ባዶ ብልቃጥ ነበር፤ አጠገቡም የውሃ ኩባያ።

እንግዲህ ክቡርነታቸው እያልን መቀለዱ ይቅርብን። ቤት ስትደርስ አናጢው ብርድ ልብስ ተከናንቦ ያስላል። አዲሱን ብልቃጥ ከውሃ ጋር ራስጌው አስቀመጠችለት። ለምን እንደደበቃት ጠየቀችው።

«ያን ቀን ስታለቅሺ አየሁሽ» አላት። «የአባትሽን ራስጌ እያየሽ እንድትኖሪ አልፈለግሁም።»

ሦስት ዓመት ሙሉ ግትር፣ ደንቆሮ እያለች ስታማው ኖራለች። አፈረች፤ ደግሞ እንዳሁኑ ወዳው አታውቅም። «አንተ ሞኝ» አለችው።

እሱ ኪኒኑን ዋጠና ጥቂት ቆይቶ፣ በደከመ ድምፅ፣ እንቁላል በቅቤ ቢቀምስ ጉንፋኑ ሳይለቀው እንደማይቀር ነገራት። ማጠፊያውም ቢሆን ሰሞኑን ሲጢጥ ማለት ጀምሯል አለ።

ተነሥታ ቅቤውን በግማሽ ቀንሳ ጠበሰችለት። ብልቃጡን ግን ከራስጌው አላነሳችውም።