አባ ቡሎን ቀዳዳዋን ድል እንደ ነሡ

አሮጌው ፓምፕ ተሽሮ አዲሱ በነገሠ በአራተኛው ዓመት፣ በዕለተ ዐርብ፣ ከጧቱ በሦስት ሰዓት፣ የመፍቻዎች ጌታ፣ የላቦራቶሪው መካኒክ አባ ቡሎን ከማትታይ ጠላት ጋር ገጠሙ።

የጦርነቱም ምክንያት እንዲህ ነው። በላቦራቶሪው ውስጥ ማግኔቶች የከበቡት ሃያ ክንድ የብረት ቱቦ አለ፤ አየሩ ተመጥጦ ይወጣና ጥቂት አርጎን ጋዝ ገብቶበት፣ በኤሌክትሪክ ሲመታ ፕላዝማ ሆኖ ሐምራዊ ያበራል። ፕሮፌሰሯም ከሁለቱ ጫፍ ሞገድ ሰደው፣ ሞገድ ከሞገድ ተላትሞ ሁከት እንዴት እንደሚወለድ ሊያዩ ስድስት ዓመት ደከሙ። ነገር ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ የውጭ አየር እየሾለከ ብርሃኑን አበላሸው፤ ማግኔቶቹም በዚያው ዕለት በአሥራ አንድ ሰዓት ለሌላ ቡድን ሊሰጡ ተቆርጦ ነበር።

ወእምዝ አባ ቡሎን ተነሡ። የተከተሏቸውም ፕሮፌሰሯ፣ የግፊት መለኪያውን የምትጠብቅ ተመራማሪ፣ መሰላል ሊዋስ መጥቶ በዚያው የቀረ የጎረቤት ክፍል ባለሙያ ናቸው። አዋጅም አስነገሩ፦ «በሩን የከፈተ፣ ያስነጠሰ፣ ወለሉን ያንቀጠቀጠ ከእኔ ጋር ይጣላል። የመለኪያው ቁጥር ሲዘል ግን ንገሩኝ።»

ይህንም ብለው፣ ቀዳዳ ካለ ሾልኮ ገብቶ ቁጥሩን የሚያዘልል አልኮል በሲሪንጅ ይዘው፣ በየመጋጠሚያው ጠብ እያደረጉ፣ በጉልበታቸው እየዳኹ ዘመቱ፤ አንደኛው መጋጠሚያ ታማኝ ሆነ፣ አሥራ ሁለተኛውም፣ ሠላሳኛውም፤ በሠላሳ ሰባተኛው ግን ቁጥሩ ዘለለና ተመራማሪዋ «ተገኘች፣ አባባ፤ እዚያው ይቁሙ» ስትል አወጀች።

ፓምፑንም አስቁመው ስምንት ቡሎን ቢፈቱ፣ መጋጠሚያውን በሚደፍነው የጎማ ቀለበት ላይ አንዲት ረጅም ሽበት ተጋድማ ተገኘች። ሁሉም ራሱን ዳበሰ፤ አባ ቡሎን ራሰ በራ ናቸውና አልዳበሱም። ፕሮፌሰሯም ቆባቸውን አውልቀው አወጁ፦ «ሽበቷ የእኔ ናት። ሦስት ሳምንት እናንተን ስቆጣ ከረምኩ፤ ይቅር በሉኝ።» አባ ቡሎንም ጠላታቸውን በሁለት ጣት አንሥተው «ምርኮኛዋ በምሕረት ትለቀቅ» አሉ፤ እፍም አሏት። ፕሮፌሰሯ ሳቅ ይዟቸው ወንበር ፈለጉ።

ስምንቱም ቡሎን ተመልሶ ጠብቆ፣ ፓምፑም ተነሥቶ፣ በዘጠኝ ተኩል ቱቦው ጥርት ያለ ሐምራዊ ለበሰ፤ ሞገዶቹም ከሁለት ወገን መጥተው ተላተሙ፤ በስክሪኑ ላይ ትልቁ ሞገድ ልጅ ወለደ፣ ልጁም ልጅ፣ የልጅ ልጁም ልጅ፣ እስከማይቆጠሩ ድረስ፤ ስድስት ዓመት የተጠበቀውም ሁከት ተወለደ። ተመራማሪዋ እልል አለች፤ ፕሮፌሰሯ አለቀሱ።

ሌሎች ጀግኖች ከተማ ከበቡ፣ ተራራም ያዙ፤ የፀጉር ስፋት ባላት በር ላይ ቆሞ የሰማይን አየር ሁሉ የከለከለ ግን ከአባ ቡሎን በቀር ማን ተሰማ? ዕድሜያቸው ይርዘም፤ መፍቻቸው አይዛግ፤ ያጠበቁትም ሁሉ ለዘለዓለም አይተንፍስ።