የሊንደንሃግ የመጨረሻው ታርጋ ዜና ገድል

በዘመነ ኤዋልድ ብሩገን፣ ዐቃቤ ታርጋ፣ መፍቀሬ ሳሙና ወቡሩሽ፣ የሊንደንሃግ አውራጃ በፈረሰች በሠላሳ ዘጠነኛው ዓመት፣ በወርኃ ኅዳር፣ ይህ ገድል ተፈጸመ።

ይህች ሊንደንሃግ በጀርመን አገር ራሷን የቻለች አውራጃ ነበረች። በመጀመሪያ አንድ ጢማም ገዥ ነገሠባትና መንገድ አስጠርጎ ግራና ቀኙን ዛፍ አስተከለ፤ ቀጥሎ የነገሠው መንበሩን ከላይኛው ከተማ ወደ ታችኛው ቢያዛውር፣ ሁለቱ ከተሞች ተኳርፈው እስከ ዛሬ በሰርግ እንኳ አይጠራሩም፤ የመጨረሻው አዲስ መሥሪያ ቤት አሠርቶ ቀለሙ ሳይደርቅ፣ የዋናው ከተማ ሹማምንት ካርታ ዘርግተው፣ «ይቺ ሚጢጢ ደግሞ ምን ትሠራለች?» ብለው ለጎረቤቷ ለግሮስታል ሰጧት። ወይ አበሳ! ያ መሥሪያ ቤት አሁን ጥርስ ይነቀልበታል።

ነገር ግን ደንቡ አንዲት ምሕረት አደረገ፤ መኪናው በባለቤቱ እጅ እስካለ ድረስ፣ የአውራጃዋ ፊደላት ያሉበት የድሮ ታርጋው አይነሣም። ስለዚህ ሊንደንሃግ በየመኪናው ቂጥ ላይ ኖረች፤ መኪናውም ዛገ፣ ተሸጠ፣ ተፈጨ፤ በመጨረሻ የኤዋልድ ክሬም ቀለም መኪና ብቻዋን ቀረች። ይህንንም ታርጋ አውራጃዋ ልትፈርስ ሳምንት ሲቀራት በመሥሪያ ቤቱ መስኮት የሰጠችው ሂልትሩት የምትባል ጸሐፊ ነበረች፤ ከአውራጃዋ ፊደላት ቀጥሎ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ የራሷንና የእሱን ስም መጀመሪያ ፊደላት ጎን ለጎን አስመታችና ፊቷ ቀላ። በዓመቱ ተጋቡ።

ኤዋልድም በቂም ጸንቶ እንዲህ ሲል አዋጅ አስነገረ፦ «የግሮስታል ጋዜጣ ደጄን አይረግጥም! ስሟን በገበታዬ ላይ ያነሣ ድንች ሰላጣ አይቀምስም!»

ወእምዝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የመንደሩ ወንድ ሁሉ መኪናውን ሲያጥብ፣ እሱ ታርጋውን በጥርስ ቡሩሽ ይፈገፍግ ነበር። ሲፈገፍግ፣ ሲፈገፍግ፣ አንድ ቅዳሜ በታርጋው ላይ የተለጠፈችው የአውራጃዋ ማኅተም ከተሣለባት ቅጠል ጋር ተላጠችና ከአረፋው ጋር ወደ ቦይ ወረደች። ጠላት ያላጠፋትን በፍቅር አጠፋት!

የትራፊክ ፖሊሱም መጥቶ አወጀ፦ «አቶ ብሩገን፣ ማኅተም የሌለው ታርጋ ታርጋ አይባልም። ሰኞ ግሮስታል ሄደው ይለውጡ፤ አለዚያ መኪናዋን አቆማታለሁ።»

መለወጥ ማለት የግሮስታልን ፊደላት መለጠፍ መሰለው። ሂልትሩት ከማድቤት መስኮት አወጀች፦ «አንተ ሰውዬ፣ አንዴ ስማኝ! ግሮስታል ያሉት እኮ—» እሱም፦ «አዋጄን አትሻሪ!» እሷም፦ «እሺ፣ ዝም አልኩ። ኋላ እንዳታማርር!» ጎረቤቱ ጊስበርትም ከአጥር ማዶ እየሳቀ፦ «አይዞህ ኤዋልድ! ሰኞ ፊደሎችህ ከመቃብር ይነሣሉ!» ቢለው፣ ያሾፈበት መሰለውና የተዋሰውን የአጥር መቀስ ሳይጠቀምበት መለሰለት።

ሰኞም በጠዋት ዘመቱ። ከሠራዊቱ አለቆች፦ ሂልትሩት፣ ባለ ቴርሞስ፤ ጊስበርት፣ የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊዎች ቆብ የደፋ፣ ኤዋልድ ቢያኮርፈውም ለመሸኘት የመጣ፤ ደግሞም ውሻው ዋልዲ፣ እግረ አጭር፣ ድምፀ ነጎድጓድ። በመንገድም አንድ ትራክተር ቀደማቸው፤ ስለዚህ ነውር ጸሐፊው ዝም ይላል።

በግሮስታል መሥሪያ ቤት ኤዋልድ ታርጋውን ፈትቶ፣ በፎጣ ጠቅልሎ፣ ጭኑ ላይ አስተኝቶ ተራውን ጠበቀ። ተራው ሲደርስ የግሮስታል ጸሐፊ አወጀች፦ «እንኳን ደስ አለዎት! ከዛሬ ጀምሮ የድሮ አውራጃዎች ፊደላት እንደገና ተፈቅደዋል። በጋዜጣችን ስንት ጊዜ ጻፍን! የእርስዎማ ተይዞ ነው የሚጠብቅዎት።»

ኤዋልድ ማን እንደያዘለት ሲጠይቅ ሂልትሩት ጣራ ጣራ አየች። የግሮስታል ጸሐፊም አዲስ ታርጋ አወጣችለት፤ ያው የሊንደንሃግ ፊደላት፣ ያው የሁለቱ ስም። ማኅተሙ ግን የግሮስታል ነበር፤ በላዩም ዝይ ተሥሎበታል። የዚያ ጀግና እጅ ታርጋው ጋ ሳይደርስ አየር ላይ ቀረ።

ያን ጊዜ ሂልትሩት በአዳራሹ ሙሉ ሰው ፊት አወጀች፦ «ያኔ ሳልጠየቅ ስምህን ከስሜ ጎን አስመታሁ። አሁንም ልነግርህ ብል አፌን በአዋጅ ዘጋኸው፤ ሳልጠየቅ ደገምኩት። ሦስተኛ አልደግምም፣ ኤዋልድ! ስለ ዝይ ብለህ ትተወኛለህ?»

ኤዋልድም ታርጋውን ተቀብሎ ደረቱ ላይ ለጠፈ፤ ያለ አንዳች ኀፍረትም አለቀሰ። ጊስበርት ቆቡን አወለቀ። ዋልዲ ጮኸ።

እንግዲህ ጸሐፊው ሊያወድስ የተነሣው ኤዋልድን ነበር፤ ግን ብዕሩ እምቢ አለው። ክብር ለሂልትሩት፣ ለሊንደንሃግ የመጨረሻዋ ጸሐፊ፣ ገዥዎቿ ያልጠበቋትን አገር በሁለት ፊደል ላቆመች! በቤቷም የጸና አዲስ አዋጅ ወጣ፦ ቅዳሜ ቅዳሜ ኤዋልድ መኪናውን እንደ ልቡ ይጠብ፤ የዝይዋን ማኅተም ግን የምታጥበው እሷ ናት፣ በለስላሳ ጨርቅ።